አንድ ስልክ ለሁለት ቴስላ ቁልፍ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው፦ «ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምጽፍልዎት። በቤታችን ሁለት ቴስላዎች አሉ፤ እኔ ሞዴል 3፣ ባለቤቴ ሞዴል ዋይ እንነዳለን። ሁለቱም ማታ በራችን ላይ ጎን ለጎን ነው የሚያድሩት። ስልኬ የእኔን መኪና ኪሴ ውስጥ እንዳለ ይከፍትልኛል። የባለቤቴን ግን አንዳንድ ጊዜ መተግበሪያውን ከፍቼ ስጫነው ይከፈታል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዝም ይላል። አንድ ስልክ ለሁለት መኪና ቁልፍ መሆን ይችላል ወይ? ሁለት አካውንት ያስፈልገናል? ስልኬ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ቢሰረቅስ? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ሁለተኛ የኤሌክትሪክ መኪናውን ገዝቶ ይህንኑ ይጠይቀኛል።»

ምላሽ፦ አዎን፣ ይችላል። አንድ ስልክ ለሁለቱም መኪናዎች ቁልፍ ይሆናል። መኪናዎቹም እያንዳንዳቸው እስከ 19 ቁልፍ ስለሚቀበሉ የእርስዎም፣ የባለቤትዎም፣ ነገ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡት የልጆችዎም ስልክ ቢጨመር ቦታ አያንስም። የእርስዎ ችግር ግን የቦታ አይደለም። «መተግበሪያውን ከፍቼ ስጫነው» ያሉት ቃል ነገሩን ግልጽ አድርጎልኛል። ስልክዎ የባለቤትዎ መኪና ቁልፍ ሆኖ አያውቅም። እስከ ዛሬ ሲያደርጉ የቆዩት መኪናዋን ከሩቅ ማዘዝ ነው፤ ማዘዝና መክፈት ደግሞ የተለያዩ ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከዚህ ልዩነት ልጀምር፤ የቀሩት ጥያቄዎችዎ ሁሉ መልሳቸው እዚህ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

በመተግበሪያው ላይ የቁልፍ ምልክቱን ሲነኩ፣ ስልኩ ከመኪናው ጋር በብሉቱዝ ያልተጣመረ ከሆነ፣ ትእዛዙ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። ከዚያ በመኪናው የሞባይል መስመር ወይም በዋይፋይ ተመልሶ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ወደቆመው መኪና ይደርሳል። ጎረቤትን ለመጥራት ደብዳቤ በፖስታ ቤት እንደ መላክ ያለ ነገር ነው። ስልክዎ ኔትወርክ ካጣ አይሄድም፤ መኪናው ምድር ቤት ውስጥ ቆሞ መስመር ካጣ አይደርስም፤ መኪናው አንቀላፍቶ ከሆነ እስኪነቃ መጠበቅ ይኖርብዎታል። «አንዳንድ ጊዜ ይከፈታል፣ አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላል» ያሉት ይህ ነው።

የስልክ ቁልፍ የሚባለው ግን ይህን ሁሉ ጉዞ አያውቀውም። ስልኩና መኪናው አንድ ጊዜ ሲጣመሩ ስልኩ ለራሱ ብቻ የሚይዘው የሚስጥር ኮድ ይፈጥራል፤ መኪናው ደግሞ የዚያን ኮድ ጥንድ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የሚነጋገሩት በብሉቱዝ ፊት ለፊት ነው። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ሰርቨር አያስፈልግም፣ ስልኩን ከኪስ ማውጣትም አያስፈልግም። እጀታውን ሲይዙ መኪናው «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ስልኩ ይመልሳል፣ በሩ ይከፈታል። ተቀምጠው ፍሬኑን ረግጠው ማርሽ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረው። መዝገቡ ያለው በመኪናው ውስጥ ስለሆነ የሞዴል 3ቱ መዝገብ ሞዴል ዋይን አይመለከተውም። ስልክዎ በአንዱ ተመዝግቧል፣ በሌላው አልተመዘገበም። ሁለቱም መኪናዎች በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ጎን ለጎን መታየታቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2021 የኩባንያው ሰርቨር ተቋርጦ በብዙ አገሮች ያሉ ባለቤቶች መተግበሪያቸው አልሠራም ብለው መኪናቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ኢሎን መስክም በዚያው ቀን ችግሩ እየታየ መሆኑን በትዊተር መልስ ሰጥቷል። ያን ቀን ትልቁን ችግር ያዩት እንደ እርስዎ በትእዛዝ መክፈት የለመዱት ናቸው። ከመኪናው ጋር የሚሰጠውን የቁልፍ ካርድ በኪስ ቦርሳ የያዘ ሰው መኪናውን ለመክፈት ሰርቨር አያስፈልገውም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤትዎ ሲገቡ አንድ ሙከራ ያድርጉ። ካርድዎን በኪስዎ ይያዙ። ስልክዎን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርገው ዋይፋዩ መጥፋቱን ያረጋግጡና ብሉቱዙን ብቻ መልሰው ያብሩት። አሁን ወደ ሞዴል 3 ይሂዱና እጀታውን ይያዙ፤ ይከፈታል። ወደ ሞዴል ዋይ ይሂዱ፤ አይከፈትም። እኔ ደንበኞቼን ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ በዚህች የሁለት ደቂቃ ሙከራ ነው የማስረዳቸው። ሁለተኛውን መኪና ካጣመሩ በኋላም ሙከራውን ይድገሙት። ሁለቱም በዚህ ሁኔታ ከተከፈቱ ስልክዎ የሁለቱም ቁልፍ ሆኗል ማለት ነው።

ማጣመሩ ራሱ አጭር ሥራ ነው። የሞዴል ዋይን የቁልፍ ካርድ ይዘው መኪናው ውስጥ ይቀመጡ። በመኪናው ስክሪን «ሴፍቲ» በሚለው ክፍል የሞባይል መዳረሻ የተፈቀደ መሆኑን ይዩ። በስልክዎ ብሉቱዝ መብራቱን አይተው መተግበሪያውን ይክፈቱ፣ ከላይ የሚታየው የመኪና ስም የሞዴል ዋይ መሆኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፣ ከዚያ «ፎን ኪይ» የሚለውን ነክተው የሚልዎትን ይከተሉ። ካርዱን ሲጠይቅዎት የካርድ ማንበቢያው ላይ ያስቀምጡት። ማንበቢያው በቀድሞዎቹ መኪናዎች ከኩባያ ማስቀመጫው ጀርባ ነው፤ በአዲሶቹ ላይ ስልክ ያለ ገመድ የሚሞላበት ቦታ ላይ ነው። ሲጨርሱ በስክሪኑ «ሎክስ» በሚለው ክፍል የቁልፎች ዝርዝር ውስጥ የስልክዎን ስም ያገኙታል። ስሙ እዚያ ከሌለ አልተጣመረም። ሌላው ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር ደግሞ ይህ ብሉቱዝ ሙዚቃና ስልክ ጥሪ ከሚያልፍበት ብሉቱዝ ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። መዝሙር በመኪናው ድምፅ ማጉያ ስለተሰማ ስልኩ ቁልፍ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚጣመሩት።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከስልኩ እንጂ ከመኪናው አይደለም። የዛሬ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራን መተግበሪያ ያስተኛሉ። አይፎን ላይ ለቴስላ መተግበሪያ የቦታ ፈቃዱን «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ያድርጉት። መተግበሪያዎችን ወደ ላይ እየጠረጉ የመዝጋት ልማድ ካለዎት ይህኛውን ይተዉት፤ ጠርገው ሲዘጉት ቁልፉንም አብረው ነው የሚዘጉት። አንድሮይድ ላይ በባትሪ ቅንብሩ ውስጥ ለዚህ መተግበሪያ ብቻ የቁጠባ ገደቡን ያንሱለት። ስልኩን የሚይዙበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ብሉቱዝ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በውሃ ይዋጣል፤ ሰውነታችን ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስልኩ በኋላ ኪስ ሆኖ ፊትዎን ወደ በሩ ሲያዞሩ በስልኩና በመኪናው መካከል የቆሙት እርስዎ ነዎት። «ባለቤቴ ከቦርሳዋ ሳታወጣ ይከፍትላታል፣ ለእኔ እምቢ ይላል» የሚሉ ደንበኞቼ ችግር ብዙ ጊዜ ስልኩን ወደ ፊት ኪስ በማዛወር ብቻ ተፈቷል።

ስለ አካውንት ለጠየቁት፦ ሁለቱንም መኪናዎች አንድ አካውንት ይይዛቸዋል። ለባለቤትዎ ግን የእርስዎን የይለፍ ቃል እንዳይሰጧት አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ በብዙ የሐበሻ ቤት የማየው ስህተት ይህ ነው። የራሷን አካውንት ትክፈት፣ እርስዎ ከመተግበሪያዎ አሽከርካሪ አድርገው ይጨምሯት። ይህም ለእያንዳንዱ መኪና ለየብቻ የሚደረግ ነው፤ በሞዴል 3 ላይ ሲጨምሯት ሞዴል ዋይ ላይ አልተጨመረችም። ከዚያ ስልኳን ከሁለቱም ጋር ታጣምር። በአንድ የይለፍ ቃል ሁለት ሰው ሲገባ፣ አንዱ ስልክ የጠፋ ዕለት የይለፍ ቃሉን መቀየር ሁለታችሁንም ከመተግበሪያው ያስወጣል፤ በዚያው በጭንቁ ሰዓት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ማደራቸው። ስልክዎ ከሁለቱም ጋር ከተጣመረ በሁለቱ መካከል ሲቆሙ ከሁለቱም ጋር ይገናኛል። ይሁንና ሁለቱም በሮቻቸውን ብድግ አድርገው አይከፍቱም፤ የሚከፈተው እጀታው የተነካው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር አለ። መኪናው የሚያረጋግጠው ቁልፉ በአካባቢው መኖሩን ነው፣ እጀታውን የነካው ማን መሆኑን አይደለም። እርስዎ ሞዴል 3 ውስጥ ልጅ ቀበቶ እያሰሩ ሳለ ከጀርባዎ የሞዴል ዋይን እጀታ የሚነካ ማንም ሰው፣ ልጅም ሆነ መንገደኛ፣ በእርስዎ ስልክ ይከፈትለታል። ለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉ። በሁለቱም መኪናዎች «ሎክስ» ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የአሽከርካሪው በር ብቻ እንዲከፈት የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። በተጨማሪም የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

መቆለፉም የራሱ ጣጣ አለው። ርቀው ሲሄዱ በራሱ የሚቆለፈው መኪናው የስልኩ ምልክት መራቁን ሲያይ ነው። ስለዚህ ስልኩን አንደኛው መኪና ውስጥ ረስተው ከገቡ ያ መኪና አይቆለፍም። ከመኪናው ወርደው ብሉቱዙን ቢያጠፉትም አይቆለፍም። በቅንብሩ ውስጥ ቤት ሲሆን ራሱን እንዳይቆልፍ የሚያደርግ ምርጫም አለ። ይህ ምርጫ ዝግ ጋራዥ ላለው ሰው ምቾት ነው፣ ለእርስዎ ግን መንገድ ዳር ያደሩ ሁለት ክፍት መኪናዎች ማለት ነው። በሁለቱም ላይ ማጥፋትዎን ይዩ። ሲቆለፍ ድምፅ እንዲሰጥ የሚያደርገውንም ያብሩት። ጎረቤት ቢሰማ ግድ የለም፤ ጀርባዎን ሰጥተው ወደ ቤት ሲሄዱ ሁለት ድምፅ ካልሰሙ አንዱ ክፍት ነው።

ሌላው ስም ነው። መተግበሪያው በአንድ ጊዜ የሚያዘው በላዩ ላይ ስሙ የሚታየውን መኪና ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ «ሞዴል 3» እና «ሞዴል ዋይ» ብሎ ትቶት በችኮላ ሳያነብ ይጫናል። አባቶቻችን ለፈረሶቻቸው ስም ይሰጡ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። እርስዎም አንዱን ዳማ፣ ሌላውን ቦራ ይበሉት። በእንቅልፍ ዓይን እንኳን የማይምታታ ስም ይሁን።

ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። ባለፈው የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። እሱና ባለቤቱ በሁለት መኪና ነበር የመጡት። እሷ ስልኳን ቤት ቻርጀር ላይ ረስታ ነበር፤ ግን አላስተዋለችም፤ ምክንያቱም ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትወጣ እሱ በመስኮቷ በኩል ቆሞ ልጆቹን እየሸፈነ ስለነበር መኪናው የእሱን ስልክ አይቶ ተነሣላት። የተነሣ መኪና ቁልፉ ስለራቀ መንገድ ላይ አይቆምም፤ መቆምም የለበትም። እናቷን ቤታቸው አድርሳ፣ እስከ በሩ ደግፋ አስገብታ ስትመለስ ግን መኪናው ቁልፍ ጠየቃት። ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ተኝተዋል፣ ያልተቆረሰው ድፎ ዳቦ በነጠላ ተጠቅልሎ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ካርዱ በሌላ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። በእናቷ ስልክ ባሏን ጠራችው። እሱም ቤት ደርሶ ነበርና መተግበሪያውን ከፍቶ መኪናውን ከሩቅ የሚያስነሣውን ምልክት ተጫነ። አልተነሣላትም። ደግሞ ተጫነ። አልተነሣም። ወደ እኔ የደወለው ይኼኔ ነው። «ከላይ የተጻፈውን ስም አንብብልኝ» አልሁት። ዝም አለ። ሲያስነሣ የነበረው በራሱ ደጅ የቆመውን መኪና ነበር። ስሙን ቀይሮ እንደገና ሲጫን ተነሣላት። ያቺ ፈቃድ የምትቆየው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ፍሬን ተረግጦ ማርሽ ካልገባ እንደ አዲስ መጫን ነው። ደግሞም ይህ መንገድ ትእዛዝ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ስልኩም መኪናውም ኔትወርክ ሊኖራቸው ይገባል። ያን ሌሊት ነበራቸው።

ስለዚህ በቤትዎ አንድ ልማድ ያስገቡ፦ ከቤትም ሆነ ከሌላ ቦታ ሁለት መኪና ይዛችሁ ስትነሡ፣ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ማርሽ ከማስገባቱ በፊት የራሱን ስልክ በእጁ ይንካ። የሌላው ቁልፍ ያስነሣልዎት መኪና በራስዎ ቁልፍ የተነሣ መስሎ ይታያልና ዓይን ብቻውን አይበቃም።

ስልኩ ባትሪ ቢያልቅበት፣ የቴስላ የስልክ ቁልፍ አብሮት ያልቃል። አንዳንድ ሌሎች ኩባንያዎች ቁልፉን በአፕል ዋሌት ውስጥ ያስቀምጣሉ። አፕል ይህን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን የመጀመሪያው መኪና የቢኤምደብሊው ነበር፤ በዚያ አሠራር ባትሪው አልቆ የጠፋ አይፎንም ቢሆን ለተወሰኑ ሰዓታት በሩን ሊከፍት ይችላል። የእርስዎ መኪና ቁልፍ ግን በመተግበሪያውና በብሉቱዝ ላይ የቆመ ነውና ስልኩ ሲጠፋ ይጠፋል። መድኃኒቱ ካርዱ ነው። ካርዱ ባትሪ የለውም፤ ጉልበቱን ከራሱ ከማንበቢያው ይቀበላል። በአሽከርካሪው በኩል፣ በፊትና በኋላ በር መካከል ባለው ምሰሶ ላይ፣ ከታች አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍታ ላይ ያስጠጉት፤ ይከፈታል። ከዚያ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፍሬን ረግጠው ይንዱ፤ ከዘገዩ ካርዱን ውስጥ ባለው ማንበቢያ ላይ ያስቀምጡት። በካርድ የከፈቱትን መኪና በካርድ መቆለፍ እንዳለብዎት አይርሱ፤ የስልክዎ ባትሪ ካለቀ መኪናው ሲርቁት በራሱ አይቆለፍም።

ሁለት መኪና ላለው ሰው ካርዱም የራሱ ችግር አለው፤ የሁለቱ ካርዶች በመልክ አይለዩም። የአንዱ ካርድ ሌላውን አይከፍትም። በቋሚ ቀለም ጠርዛቸው ላይ ዳማ፣ ቦራ ብለው ይጻፉባቸው። የእያንዳንዱን መኪና አንድ አንድ ካርድ እርስዎ በኪስ ቦርሳዎ፣ አንድ አንድ ካርድ ባለቤትዎ በእሷ ይያዙ። የሞዴል ዋይን ካርድ ሞዴል 3 ውስጥ ማስቀመጥ ጥሩ ሐሳብ መስሎ ይታያል፤ አይደለም። ወደ ሞዴል 3 የሚያስገባዎት ያው የሞተው ስልክ ነው። ከፈለጉ አንዱን ካርድ በሌላኛው መኪናም መዝገብ ላይ በስክሪኑ በኩል ማስገባት ይችላሉ፤ እንግዲህ አንድ ካርድ ለሁለቱም ይሆናል። እኔ ለሁለት መኪና ባለቤቶች ይህን ነው የምመርጠው።

የመኪናው ትንሿ ባትሪ፣ ማለትም ስክሪኑንና በሮቹን የምታንቀሳቅሰው፣ ከሞተች ስልክም ካርድም አይረዳም። ያኔ በፊተኛው መከላከያ ላይ የመጎተቻ ቀለበቱን የሸፈነውን ክብ ክዳን ያነሣሉ፤ ከውስጡ ሁለት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ከውጭ 12 ቮልት ሲሰጧቸው የፊት ክዳኑ ይከፈታል፣ ባትሪዋን ከዚያ ያገኟታል። ይህን አንድ ቀን በብርሃን፣ ሳይቸኩሉ፣ በሁለቱም መኪናዎች ላይ ቦታውን አይተው ይቆዩ።

ስልክዎ ቢሰረቅ ደግሞ ነገሩ ከበድ ይላል። የስልክ ቁልፉ የሚሠራው ስልኩ ተቆልፎም ሳለ ነው። ሌባው የስልክዎን ኮድ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ይዞት ወደ መኪናው መቅረብ ብቻ ይበቃዋል። እርስዎ ደግሞ በአንድ ስልክ ሁለት መኪና ይዘዋል። ስልኩ ሳይሰረቅም አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ኤንሲሲ ግሩፕ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ተመራማሪ ሱልጣን ቃሲም ካን በቅብብሎሽ ዘዴ ሞዴል 3ን መክፈትና ማስነሣት እንደሚቻል አሳይቷል፦ አንድ ትንሽ መሣሪያ ከስልኩ አጠገብ፣ አንድ ከመኪናው አጠገብ ይሆንና የብሉቱዙን ንግግር ከአንዱ ወደ ሌላው ያቀባብላሉ። መኪናው ስልኩ አጠገቡ ያለ ይመስለዋል፤ ስልኩ ግን ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። ብሉቱዝ ርቀትን የሚገምተው ከምልክቱ ጥንካሬ ነውና በዚህ ይታለላል። አልትራ ዋይድባንድ የሚባለው አዲሱ ዘዴ ግን ምልክቱ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ነው የሚለካው። ሬዲዮ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ የተቀባበለ ምልክት ይዘገያል፣ መዘግየቱም ያጋልጠዋል። ቴስላ ይህን ዘዴ መሣሪያው ላላቸው መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ማስጀመር ጀምሯል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሜይ ወር ጎጎባይት የተባለው የቻይና የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች አዲሱን ሞዴል 3 በዚያው በቀድሞው ቅብብሎሽ ከፍተው አሳይተዋል፤ መሣሪያው ተገጥሞ ሳለ ከሩቅ መክፈትን ለመከልከል ገና አልዋለም ነበርና። ስለዚህ «የእኔ አዲስ ነው» ብለው አይዘናጉ።

ስርቆቱንም ቅብብሎሹንም የሚዘጋው አንድ ነገር ነው፦ «ፒን ቱ ድራይቭ»። በስክሪኑ «ሴፍቲ» ክፍል ውስጥ ያገኙታል። ባለ አራት አሃዝ የሚስጥር ቁጥር ይመርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ቢከፈት እንኳን ቁጥሩ ሳይገባ መኪናው አይነዳም። በየመኪናው ለየብቻ ነው የሚበራው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያደርጉ አልከፋም፤ በየሥራ ጠዋቱ አንድ ቁጥር መንካት ከባድ ሆኖ ካገኙት ደግሞ ሁለተኛው ቀን ጣትዎ ራሱ ይለምደዋል። ስልኩ የጠፋ ዕለት ካርድዎን ይዘው ወደ መኪናዎቹ ይሂዱ፣ ከቁልፎች ዝርዝር ውስጥ የጠፋውን ስልክ ይሰርዙ፣ ካርዱን አስነክተው ያረጋግጡ። ከአንዱ ብቻ ሰርዘው አይሂዱ፤ ሁለተኛውም እዚያው አጠገብዎ ቆሟል።

አዲስ ስልክ ሲገዙ መተግበሪያው ከነአካውንቱ ይዛወራል፤ ቁልፉ ግን አይዛወርም። የሚስጥር ኮዱ ከአሮጌው ስልክ አይወጣምና ከሁለቱም መኪናዎች ጋር እንደገና ይጣመራል፣ የአሮጌውም ስም ይሰረዛል። አሮጌውን ስልክ ወደ አገር ቤት ለዘመድ ከመላክዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።

አሁን ወደ ወንድምዎ። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏ ከተነገረ ወዲህ አዲስ አበባ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በብዛት የሚመጡት ከቻይና ነው። ብዙዎቹም ለራሱ ለቻይና ገበያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። የወንድምዎ ጥያቄ ከእርስዎ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መኪና መተግበሪያው የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሲም ካርድም የቻይና ነው። መተግበሪያው ካልተከፈተ የስልክ ቁልፍ ማጣመር አይቻልም፤ ብሉቱዙ ራሱ ኢንተርኔት ባይፈልግም መጀመሪያ የባለቤትነት አካውንቱ መረጋገጥ አለበት።

ከዚህም የሚከፋ አለ። መኪናው ቻይና ውስጥ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ነጋዴ አካውንት ተመዝግቦ ከወጣና ከዚያ አካውንት ካልተፈታ፣ ያ ሰው ዛሬም በመተግበሪያው ላይ ባለቤት ነው። ሻጩ «ስልኩን በኋላ እናስተካክልልሃለን» ካለው ገንዘቡን ሁሉ ከመክፈሉ በፊት አካውንቱ መፈታቱን በዓይኑ ይይ። ለሁለተኛው መኪና ብቻ ሳይሆን ለመጀመሪያውም። እስከዚያው ሁለቱንም በካርድና በእጅ በሚያዘው ባለ ባትሪ ቁልፍ ይክፈት። ከመኪናዎቹ አንዱ እንደ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ያለ ከሆነ ካርዱን የሚያስነካው በአሽከርካሪው በኩል ባለው የጎን መስታወት ላይ ነው። በእጅ በሚያዘው ቁልፍ ውስጥ ደግሞ የብረት ቁልፍ ተደብቆ ይገኛል፤ የቁልፉ ባትሪ ሲያልቅ በሩን የሚከፍትለት እሱ ነው። የትኞቹን መኪናዎች እንደገዛ፣ ካርድ አብሮ እንደተሰጠውና በሻጩ ስልክ ላይ መኪናው እስካሁን ይታይ እንደሆነ ጠይቀው ይጻፉልኝ።